ሁለተኛው ንባብ

ሰኞ፣ ዝናቡ በገባ ሰሞን

በልጅነቴ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ ትምህርቴን በቃሌ ስወጣ ጉልበቴ ደማ፤ አላለቀስሁም። መምህራችን አንድ ቃል የሳተውን ተማሪ ምሳ ይከለክለው ነበር። እኔም ብዙ ቀን ተርቤ ውዬ፣ ማታ ለእናቴ “ጠግቤ ነው የመጣሁት” ብያታለሁ። በወጣትነቴ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሳስተምር አቤቱታ አልጻፍሁም። ባለቤቴን በቀበርሁ ማግሥት ክፍል ገባሁ፤ ጠመኔው በጣቶቼ መካከል አልተንቀጠቀጠም። የግራ ዓይኔ ሲደፈን ሐኪሙ “ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ?” አለኝ፤ “ቀኙ ያይ ነበር” ብዬ መለስሁለት። ይህን የምጽፈው ልመካበት አይደለም። ሰው ያለፈበትን ሲያስብ የሚመጣበትን ይችላል ብዬ ነው።

ዛሬ ወንድሜን አመጡልኝ።

ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ከጋቢናው አውርደው፣ በብብቱ ደግፈው ደጄ ላይ አቆሙት። ጉበቱ አልቋል። የሥራ ባልደረቦቹ “ፉጨት” ይሉታል፤ መሪ ከጨበጠ ማፏጨት አያቆምምና ነው። እኔ በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም።

“ጋሼ፣ መሞቻ ያጣ ሰው ታስጠጋለህ?” አለኝ እየሳቀ።

“ጫማህን አውልቀህ ግባ” አልሁት።

የኋላውን ክፍል ሰጠሁት። ሴት ልጁ ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትመለስ በሩ ሥር ያን ትልቅ ጫማ አየች። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ በዚህ ቤት የአባቷን ስም አንሥታ አታውቅም። ጫማውን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋ አደረገችና ገባች። ስለ እርሱ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኋት።

ረቡዕ

በጸሎት ቤታችን የመቃብር አንባቢ እኔ ነኝ። በቀብራችን ሁለት ንባብ አለ። የመጀመሪያው ስለ ፍርድ ነው፤ ለሁሉም ይነበባል። ሁለተኛው ስለ ተስፋ ነው፤ የሚነበበው በእምነት ላረፈ፣ ወይም ከመንገዱ ወጥቶ ሳለ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት በንጹሕ አእምሮ፣ በገዛ አፉ ለተናዘዘ ብቻ ነው። ላልተናዘዘ አንባቢው መጽሐፉን ይከድናል፤ ሕዝቡም ሳይነጋገር ይበተናል። “ተከደነበት” ይባላል። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። ላልቶ አግኝቼ ያጠበቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሰው ሲከደንበት አይቶ ነው ልጁን የሚገሥጸው፤ ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ!

እንግዲህ ወንድሜ ሊሞት ነው። ሳይናዘዝ ከሞተ የምከድንበት እኔ ነኝ።

የሠራው ቀላል ነገር አይደለም። ሚስቱ በምጥ ስትጨነቅ የጭነት መኪናው ደጃቸው ላይ ቆሞ ነበር። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ በአካባቢው ሌላ መኪና አልነበረም። እርሱ ጭነቱ እንዳይዘገይበት አስነሥቶ ሄደ። በቃሬዛ ተሸክመን ስንገሰግስ መንገድ ላይ አረፈች፤ ፅንሱም አብሯት ሄደ። ልጅቷ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። እስከ ዛሬ ትልቅ መኪና በመንገዱ ሲያልፍ የያዘችውን ነገር አስቀምጣ እስኪርቅ ድረስ ትጠብቃለች።

እርሱ ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ዓርብ

ያፏጫል። ሲያመው ያፏጫል፣ ሲያሳክከው ያፏጫል፣ እኔ ስጸልይ ያፏጫል። ጸሎቴን ሦስት ጊዜ አቋረጠኝ።

ቅዳሜ

እግሩ አብጧል። ለብ ባለ ውሃ አጠብሁለት። ግዴታ ስለ ሆነ ነው።

እያጠብሁት በቀጥታ ጠየቅሁት። “ገሃነም መኖሩን ታምናለህ?”

“ያኔ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የተበጠሰብኝ ቀን ደርሼበት መጥቻለሁ። ቦታው ይጠባል ጋሼ። አንተን የሚያህል መምህር አይገባበትም።”

“ለፌዝ ጊዜ የለህም።”

“ለሌላውማ መቼ ጊዜ አለኝና?”

ደግሞ ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ያመዋል፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በልጅነታችንም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ትምህርቴን ስለማመድ በመስኮት ብቅ ብሎ ያስቀኝና፣ የምገረፈው እኔ ነበርሁ። ፎጣውን ጣል አድርጌለት ወጣሁ።

እሑድ፣ ከትምህርቱ በኋላ

መጋቢያችን ወጣት ነው። የዛሬው ትምህርት በኃጥአን ዕጣ ላይ ስለ ነበር ከተማረበት ቦታ ያመጣውን ዘረገፈው። እሳቱ ዘላለማዊ ነው፤ የሚቃጠለው ግን ያልቃል አለን። ኃጥእ ለዘላለም አይሠቃይም፤ ይጠፋል እንጂ።

“መምህር፣ ገለባ እሳት ውስጥ ገብቶ ሳያልቅ ሲነድ አይተው ያውቃሉ?” አለኝ በጉባኤው ፊት።

ተነሣሁ። “ለጻድቃን ሕይወት የተሰጠው ቃልና ለኃጥአን ቅጣት የተሰጠው ቃል አንድ ነው፤ ‘ዘላለም’ ይላል። የአንዱን ዕድሜ ብታሳጥር የሌላውም ያጥርብሃል። ገለባ ነፍስ የለውም፤ ሰው አለው። ፍርድን የሚያለዝብ ሰው ሐኪሙ ለታማሚ ውሸት እንዲነግር የሚፈልግ ሰው ነው።”

መጋቢው አንገቱን ደፋ። አንዳንዶቹ ሲወጡ እጄን ጨበጡኝ፤ “እርስዎ እስካሉ አንሳሳትም” አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ስለ ገለባው እያሰብሁ ደጄን አልፌው እስከ ማዞሪያው ድረስ ሄጄአለሁ። አሮጌ ዓይን ነው፤ ዝናቡም ነበር።

ሰኞ

ልብስ ሰፊዋ ያሳጠረችልንን የአልጋ ልብስ አመጣች። የበሽተኛውን ክፍል በር ዐየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“መምህር፣ በወንድምዎ ላይም ይከድኑበታል?”

ልጅዋ በስካር ጠብ ተወግቶ የሞተባት ሴት ናት። ሳይናዘዝ ነው የሞተው፤ ተከድኖበታል።

“ሥርዓት ለወንድምም ለባዳም አንድ ነው” አልኋት።

“እሱማ ነው። እኔ እንኳ በሥርዓቱ አልተከራከርኩም።” ክሩን ከቀሚሷ ላይ መልቀም ጀመረች። “ድምፁ ነው ያልለቀቀኝ። ጧ! ሲል። ቀስ አድርገው ቢከድኑት ምን ነበረበት?”

የሠራችበትን ከፍዬ ሸኘኋት።

ማክሰኞ

መጽሐፉ ከባድ ነው፤ ክዳኑ እንጨት ላይ የተለበጠ ቆዳ ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሞከርሁት። በሁለት እጅ ቢይዙት፣ አውራ ጣትን ከሥሩ አድርገው ቀስ ቢሉ፣ ድምፅ አይሰጥም።

“ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?” አለኝ ከወዲያ ክፍል።

“ምንም።”

ሐሙስ

ዛሬ ሽማግሌዎቹን አመጣሁ፤ ሰዓት ሠሪውንና ባለ ሥጋ ቤቱን። ወንድሜን ትራስ ደግፌ አስቀመጥሁት፣ ፀጉሩንም አበጠርሁለት። የሚናገረውን ቃል ከትናንት ጀምሮ አስጠንቼዋለሁ። አጭር ነው፤ ሕፃን ይለዋል።

ሰዓት ሠሪው ጉሮሮውን አጠራ። “ወንድማችን፣ በሕይወትህ የበደልከው ነገር ካለ በፊታችን ተናገር።”

ወንድሜ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ተመለከተ። “እናንተን ምን አድርጌአችኋለሁ?”

“እኛን ሳይሆን...”

“አንተን የማውቅህ ሰዓቴን ስታበላሽ ነው። የበደልከኝስ አንተ!” ወደ ባለ ሥጋ ቤቱ ዞረ። “ካንተ ደግሞ አጥንት እንጂ ሥጋ ገዝቼ አላውቅም። እና ለማን ነው የምናገረው? ላልበደልኩት?”

ባለ ሥጋ ቤቱ ሳቁን በመሐረብ አፈነ። እኔ አልሳቅሁም። ሸኝቻቸው ተመለስሁ። “ምን አለበት አንዲት ቃል ብትናገር? ለእኔ ስትል እንኳ!” አልሁት። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

“ላንተ ብዬማ ምንም እላለሁ። ግን ጋሼ፣ እሱ ይቆጠራል?”

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትዕቢተኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ትዕቢተኛ ነው። ከማን እንደ ወረሰው አላውቅም።

በዚያው ቀን፣ ማታ

የወንድሜን ልጅ ማነጋገር ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ወደ ክፍሉ አልገባችም። መድኃኒቱን ለክታ በር ላይ ታስቀምጣለች፤ የማጠጣው እኔ ነኝ። ሳህን እያጠበች ሳለ ከኋላዋ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ገብታ ብታየው ልቡ ይከፈት እንደ ሆነ ነገርኋት።

ውሃውን ዘጋች። “አባባ፣ ልጅ ሆኜ ሳለቅስ ምን ይሉኝ እንደነበር ያስታውሳሉ?”

“ብዙ ነገር ብዬሻለሁ።”

“‘ፈራጅ አለ’ ነበር የሚሉኝ። ሌላ ልጅ በተረት ይተኛል፤ እኔ የተኛሁት በእሱ ነው። የእናቴን ነገር የሚጠይቅ አለ ብዬ። አሁን መጋቢው ‘ተቃጥሎ ያልቃል’ ይላል። እሱ እዚያ ተኝቶ ይቀልዳል። እርስዎ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠንተው እንዲያልፍ ሊያደርጉት ነው። ታዲያ የእናቴን ነገር ማን ይጠይቅልኝ?”

“አንቺ ልጅ፣ እንዲቀጣ ነው የምትፈልጊው?”

“እንዲያውቅ ነው የምፈልገው።”

እጅዋን አድርቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ይህን ሁሉ ዓመት ፍርድን ሳስተምር የሚያስፈራቸውን ሰዎች ብቻ ነበር የማየው። በፍርድ የሚጽናና ሰው በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ አጠገብ አድጓል። ይህን ለመጋቢው ልንገረው ይሆን? ይጠቅመዋል። እኔን ግን በየትኛው በኩል እንደሚያቆመኝ አላወቅሁም። ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። ስትጸልይ “ማንም ሳይቀር፣ ጌታ ሆይ፣ ማንም ሳይቀር” ትል ነበር። ይህ ልመና ከትምህርታችን ውጭ መሆኑን ደጋግሜ አስረድቻታለሁ። “እሺ” ትለኝና በማግሥቱ ያንኑ ትላለች። ዛሬ በማታ ጸሎቴ የእርሷ ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

አርሜዋለሁ።

እሑድ

ወደ ጸሎት ቤት አልሄድሁም። ብዙ ዘመን ቀርቼ አላውቅም። ወንድሜ ማፏጨት አቁሟል። ዝምታው ይረብሻል።

ማክሰኞ፣ ማታ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ቃላቱ እንዳይጠፉብኝ።

ከምሳ በኋላ ትኩሳቱ ወጣ። አጠገቡ ተቀምጬ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ሳብስ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኔን ግን አያይም።

“አውርዱት! ጭነቱን አውርዱት ብዬአለሁ! ይዘግይ! እሷን ጫኗት። ጋቢና አግቧት፣ ቀስ ብላችሁ። ቀስ! ልጅቷን ከጎማው ሥር አንሡልኝ... ቁልፉ የት አለ? ቁልፉን ማን ወሰደው?”

ይህንኑ እየመላለሰ ጮኸ። ለመነሣት ታገለ፤ አቅም ያነሰኝ እኔ ነበርሁ። ቀና ስል የወንድሜ ልጅ መድኃኒቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመች አላውቅም። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል።

ገባች። ብርጭቆውን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ በማያጠራጥር ድምፅ፣ “ተጭናለች” አለችው። “ጋቢና ናት። ንዳ።”

አንጓዬን ለቀቀው። እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ያልነበረ መሪ ያዘ። ከንፈሩን አሾለ፤ ፉጨቱ ግን አልወጣም፣ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ አንቀላፋ።

እርሷ ቀኑ እስኪመሽ ከአልጋው ሥር አልተነሣችም። እኔ ደጅ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። ጃንጥላ ረስቼ ነው።

ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ዓይኑን የከደነችው እርሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኋቸው። መልስ የሰጠኝ ሰዓት ሠሪው ነው። “መምህር፣ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ‘ሁለት ሽማግሌዎች ፊት፣ በንጹሕ አእምሮ’ ነው ያሉን። ይህ የተናገረው በቅዠት ነው። የሰማችውም ሽማግሌ አይደለችም።”

ባለ ሥጋ ቤቱ ጠጋ አለኝ። ደግ ሰው ነው። “እንዴ፣ መምህር! ‘ልቡን አውቆ ነው የተናገረው’ ይበሉን እንጂ። እርስዎ ካሉ ማን ይጠይቅዎታል? ቃልዎ ይበቃናል።”

አንድ ጊዜ “አዎ” ብል ሁለተኛው ንባብ ይከፈትለት ነበር። ማንም አያውቅም። ምላሴ ተነሥታ ነበር።

“ልቡን አያውቅም ነበር” አልኋቸው።

ሁለቱም አቀርቅረው ወጡ። እውነት ተናገርሁ። ወንድሜ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ እኔ የገዛ ሥርዓቴን ስጠብቅበት። አውቆ ቢናገር ኖሮ ያን ያህል እውነት ይሆን ነበር? ያስጠናሁትን ዓረፍተ ነገር ቢል ኖሮስ በደስታ አነብለት አልነበረምን? በዚያኛው ግን አንድም የእርሱ ቃል አልነበረበትም።

ሐሙስ፣ ከቀብር መልስ

እጄ ጭቃ ነው። ሳልታጠብ እጽፋለሁ።

ሾፌሮች መጡ፤ ብዙ ናቸው። መኪኖቻቸውን በመንገዱ ዳር ደርድረው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። የእኛዎቹ በወዲህ፣ እነርሱ በወዲያ። ልብስ ሰፊዋ ከሴቶቹ ኋላ ነበረች።

የመጀመሪያውን ንባብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብሁ። ስለ ዙፋኑ፣ ስለሚከፈቱት መጻሕፍት፣ በቀኝና በግራ ስለሚለዩት። ድምፄ አልተሰበረም። ያነበብሁትን ሁሉ አምናለሁ። ንባቡ አለቀ። ሰው ሁሉ እጄን እያየ ነው። ክዳኑን በሁለት እጄ ያዝሁ፣ አውራ ጣቴን ከሥሩ አድርጌ። ቀስ ብዬ ልከድነው ነበር። ያን ያህል ነበር ላደርግለት የተዘጋጀሁት።

በገጹና በክዳኑ መካከል እጅ ገባ።

“አባባ፣ ይስጡኝ” አለች የወንድሜ ልጅ።

ሰዓት ሠሪው አንድ እርምጃ ተራመደ። ባለ ሥጋ ቤቱ በክንዱ ያዘው። እኔ መጽሐፉን ለቀቅሁ። ክብደቱ ወደ ታች ጎተታት፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ ገለጠች። ሁለተኛው ንባብ የት እንደሚገኝ ታውቃለች፤ በልጅነቷ በቃሏ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ሰው፣ ጥርት አድርጋ፣ ሳታሳምር አነበበችው። ስለ ዕንባ መታበስ የሚናገረው ስፍራ ላይ ስትደርስ ቆመች። የምታቆመው መሰለኝ። ምራቋን ውጣ ቀጠለች፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መጽሐፉን ግን አልከደነችውም። እንደ ተገለጠ ይዛው ቆመች፤ ካፊያው ገጹን ሲያረጥበው እንኳ።

ከሾፌሮቹ አንዱ ማፏጨት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ወንድሜ የሚያፏጨውን ዜማ። ሌሎቹ ተቀበሉት። በመቃብራችን እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። የሚያስቆማቸው ሰው እኔ ነበርሁ። አላስቆምኋቸውም።

በመንገድ ላይ ጠየቅኋት። “ይቅር ብለሽው ነው?”

“አላውቅም፣ አባባ።” ጥቂት ተራመደች። “ሌላ ሰው እንዲከድንበት ግን አልፈልግም።”

ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባርቶ

ጫማው አሁንም በሩ ሥር ነው። ማንም እንዲያነሣው አልፈቀድሁም።

ትናንት መጋቢው መጣ። ስለ ገለባው ሊከራከረኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ምንም አላነሣም፣ አጠገቤ ተቀመጠ እንጂ። ሲወጣ እኔው አነሣሁበት። “እሳቱ ይጨርስ አይጨርስ እንደ ሆነ አላሳመንኸኝም” አልሁት። “እርስዎም አላሳመኑኝም፣ መምህር” አለ። በደጅ ተሳስቀን ተለያየን። ፍርድ አለ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ የወንድሜን ልጅ ካየሁ ወዲህ ደግሞ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ወንድሜ በዚያ ፊት ሲቆም የሚጠየቀውን አውቃለሁ። የሚመልሰውንም ሰምቻለሁ፤ ጭነቱን አውርዱት ብሏል። ይህ ይበቃ አይበቃ እንደ ሆነ እኔ አልተጠየቅሁም።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድሁ። ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች፣ የተዛነፈውን መነጽሯን አስተካከለች።

“ከልጅሽ መቃብር ያላነበብሁት ንባብ አለ” አልኋት። “ጭቃው ሲደርቅ አብረን ብንሄድ?”

መርፌው ላይ እጅዋን እንዳሳረፈች ቆየች። “ጭቃው እስኪደርቅ ምን ያስጠብቀናል?” አለችኝ።

ሄድን። አነበብሁ። መጽሐፉን እንደ ተገለጠ ይዘን ተመለስን።

ለሽማግሌዎቹ ዛሬ ያስታወቅሁትን እዚህም አሰፍራለሁ፤ ክርክር እንዳይነሣበት። ከአንባቢነት ወርጃለሁ። በቆዳ የተለበጠው መጽሐፍ ከአባቴ የተላለፈልኝ የራሴ ንብረት ነው፤ የጸሎት ቤቱ አይደለም። እርሱን፣ ሁለቱንም ንባብ፣ ይህንንም ቤት ለወንድሜ ልጅ አስተላልፌአለሁ። ሁለተኛውን ንባብ ለማን እንደምታነብ ማንም አያዝዛትም፤ እኔም አላዝዛትም። የወንድሜ ጫማ ግን የእኔ ነው።